በሬዲዮ የመጣ መርዶ

በደርግ ጊዜ፣ በረሃቡ ዘመን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ስንት ሰው ድንበር ተሻገረ፣ ምን መድኃኒት አለቀ፣ መኪናው የት ደረሰ፤ ሥራው ይኸው ነው። አለቃችን ሐዋጃ ነው፤ ሱዳኖች ፈረንጁን ሁሉ እንዲያ ነው የሚሉት። «አሳጥሩ፣ ባትሪ አትጨርሱ» ይለናል። ለእኛ ለጎንደሬዎች ይኼ መከራ ነበር። እንዴት ዋልህ፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና ሳትል «መድኃኒት ላክ» ብሎ መጀመር ምን የሚሉት ባለጌነት ነው?

ቢሆንም ለመድኩት፤ አዳዲሶቹንም የማስተምር እኔው ሆንኩ። መጀመሪያ የምትፈልገውን ጥራ፣ ከዚያ ራስህን። ቁልፉን ተጭነህ ጥቂት ቆይና ተናገር። የሰማኸውን ድገምለት። ስትጨርስ «ኦቨር» በል። ያልገባህን ሳትጠይቅ «ተቀብያለሁ» ያልህ እንደሆነ ወየውልህ እላቸው ነበር።

ያን ዓመት እናቴ ተከዜን ተሻግራ ድንበሩ ላይ ካለው የስደተኞች መጠለያ፣ ሐምዳይት ገባች። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ አይቻት አላውቅም። የሐምዳይቱ ሬዲዮ ሠራተኛ፣ የትግራይ ልጅ ነው፣ «እናትህ እኛ ዘንድ ናት፤ ደክማለች እንጂ ደህና ናት፤ ኦቨር» ሲለኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ዓርብ በሚሄደው መኪና እንድሄድ ተፈቀደልኝ። ጫማ ገዛሁላት። የእግሯን ልክ ስለማላውቅ በግምት ነው።

ረቡዕ ማታ ተረኛው በዕድሜ የሚበልጠኝ የአርማጭሆ ሰው ነበር፤ ጋሼ ነው የምለው። ከሐምዳይት መልእክት መጣለት፤ «የባልደረባህ እናት በጣም ታማለች፤ ቶሎ ይድረስ፤ ኦቨር።» ጋሼ ቃል ሳያጓድል ደገመው። «ተቀብያለሁ» አለና ዘጋ።

በእኛ አገር ሩቅ ላለ ሰው የሞት ወሬ አይላክለትም። «ታማለች፣ ድረስ» ነው የሚባለው። ሰሚው ያውቃል፤ ያወቀውን ደግሞ አይጠይቅም። መርዶም በማታ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ ነው። ጋሼ እንግዲህ ለእኔ አስቦ ሽማግሌ ሊጠራ ወጣ። በዚያው ሰዓት መድኃኒት የጫነች ፒክአፕ ወደ ሐምዳይት ልትነሳ ነበር። ሾፌሩ «የሚሄድ ሰው አለ?» ቢለው «የለም» አለው። ሰው መርዶውን ሳይሰማ ብቻውን ለመንገድ አይሰጥም ብሎ ነው። እኔ ከግቢው ማዶ ራቴን እየበላሁ ነበር።

ሲነጋ በሬ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹን ሳይ፣ አንዳቸውም አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ። ጮህኩ፤ መሬት ላይ ተንከባለልኩ፤ ያዙኝ። ጎረቤት ሞላ። ያለኝን እንባ ሁሉ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም።

ረፋዱ ላይ ሐዋጃው ፊቱ ቀልቶ ገባ። ሐምዳይት በሬዲዮ እየጠራ ነው አለ፤ ፒክአፗ ደርሳለች፣ ልጄ ለምን አልመጣም ብላ እናቴ እየጠየቀች ነው። ጋሼ ከጎኔ ነበር። ተነሣ፤ ተመልሶም ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። በእሱ ልናደድ ፈለግሁ። ግን እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው፤ ምን ይደረግ።

ሐዋጃው የራሱን መኪና ሰጠኝ። በመንገድ ሁሉ ደስታ ይመጣ እንደሆነ ጠበቅሁ። እናቴ አለች፣ እናቴ አለች እላለሁ በልቤ። ምንም የለም። ሾፌሩ ውኃ ሲሰጠኝ ጠጣሁ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሐምዳይት ደረስን። የሬዲዮው ልጅ ከመኪናው በር ላይ ጠብቆ እጄን ያዘኝ።

«ከቀትር በኋላ ነው» አለኝ። «ጠዋት ደህና ታወራ ነበር። ፒክአፗ ስትገባ ልጄ መጣ ብላ ልትነሣ ሞክራ ነበር።»

ወደ ድንኳኑ ወሰደኝ። ሴቶቹ ሊያስለቅሱኝ ተነሥተው ጠበቁኝ። አጠገቧ ቆምኩ፤ እንባ አልመጣም። አንዲት ሴት «ምን ዓይነት ልጅ ነው፣ ለእናቱ እንኳ እንባ የለው» ስትል ሰማኋት። ዛሬ ጠዋት፣ እሷ በሕይወት እያለች አልቅሼ ጨርሻለሁ ልላት ፈለግሁ። ከየት እንደምጀምር ግን አላወቅሁም።