የግራ እግር ትንሿ ጣት

ባለፈው ሳምንት ቀኝ እጄ ግራ እጄን አሸነፈ። ቀልድ አይደለም። ሀዊ የምትባል የባዮሎጂ መምህርት አለች፤ እዚሁ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ እኔ ግቢ ውስጥ ተከራይታ ስትኖር ቆይታ አሁን አኖ ወደምትባል ከተማ ተዛውራለች። ለተማሪዎቿ በስልክ የሚሠራ ጨዋታ እያዘጋጀች ነው፣ ስለ ደም ዝውውር። «ጋሼ፣ እርስዎ ሳይፈትኑት ለልጆቹ አልሰጥም። ግን ለሁለት ሰው ነው፤ ከሰው ጋር ሆነው ይሞክሩት» ብላ በቴሌግራም ላከችልኝ።

ከሰው ጋር። በል እንግዲህ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ሰው ውለድ። ባለቤቴ ካረፈች ቆየች፣ ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፣ የሀዊም ክፍል እንደተቆለፈ ነው። ስለዚህ አንዱን ተጫዋች ለቀኝ እጄ፣ ሌላውን ለግራ እጄ ሰጥቼ ተጫወትኩ። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይላሉ። እኔ ብቻዬን ሮጬ ግማሽ ጎኔ ተቀደመ። በራሴ መሳቅ ስጀምር ኡኬ ትዝ አለችኝ።

የመጀመሪያ ምደባዬ ኡኬ የምትባል የወለጋ ከተማ ነበረች። ከደብረ ማርቆስ የወጣሁ፣ ጢሜ እንኳን በቅጡ ያልበቀለ፣ ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ ያስለበጥኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ከተማዋ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ቤቶች ናት፤ ከኋላቸው በቆሎ፣ ከበቆሎው ኋላ ማንጎ። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ አውልቆ ያስቀራል። እሸት የሚጠብሱ ሴቶች ከቆርቆሮ ስር ይቀመጡና ጭሱ መንገዱን ሞልቶት ይውላል።

ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። እንዲያውም ችግሩ ደግነታቸው ነበር። ሱቅ ስገባ በኦሮምኛ የሞቀ ወሬ ላይ ያሉት ሁሉ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ይዞራሉ። «እንዴት ዋሉ መምህር?» ይሉኛል። እኔም ደህና እላለሁ። ከዚያ በኋላ ወሬው ያልቃል። የጀመሩት ነገር በአማርኛ አይጥምም መሰለኝ። ሳሙናዬን ገዝቼ ስወጣ ሳቁ ከኋላዬ እንደገና ይነሳል፣ በኦሮምኛ። በእኔ እንዳልሳቁ አውቃለሁ፤ አብሬ አለመሳቄ ነበር የሚያንገበግበኝ።

ክፍል ውስጥም ያው ነው። አሥረኛ ክፍሎች ጨዋዎች ነበሩ፤ ስገባ ይነሳሉ፣ የጻፍኩትን ይገለብጣሉ፣ ጥያቄ ስጠይቅ ጠረጴዛቸውን ያያሉ። ስለዚህ ጨዋታ ልፍጠርላቸው አልኩ። ይሄ ካልሠራ ግን ሻንጣዬን ይዤ ወደ አገሬ ልመለስ ለራሴ ምዬ ነበር።

የሳሙና ካርቶን እየቆረጥኩ ወረቀቶች ሠራሁ። በአንዱ ላይ የልብ ቀኝ ክፍል፣ በሌላው ሳንባ፣ በሌላው ኩላሊት፤ የደምን መንገድ በቅደም ተከተል ቀድሞ የሰበሰበ ያሸንፋል። ልጆቹ እንዲወዱት ብዬ ጫፎቹን ክብ አድርጌ ቆረጥኳቸው፣ ጀርባቸውንም በቀይ ቀለም አስጊጬ ቁርጥ የመጫወቻ ካርታ አስመሰልኳቸው። ጨዋታው ለአራት ሰው ነበር። እሁድ፣ ከተማው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ክፍሌ ውስጥ ለአራት አደልኩና ከአልጋው ወደ በርጩማው፣ ከበርጩማው ወደ ሻንጣው እየተዛወርኩ የአራቱንም ተራ ተጫወትኩ። ሻንጣው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ጎበዝ ነበር፤ እሱን ለማሸነፍ ሳጭበረብር ራሴን ያዝኩት።

አከራዬ አደ ጫልቱ (አደ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው) ከቸርች ሲመለሱ በመስኮቱ በኩል አለፉ። ቆም ብለው አዩኝና ሰላም ሳይሉኝ ገቡ። እሁድ እሁድ አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥር ቀቅለው፣ ቅቤ አፍስሰው የሚልኩልኝ ሴት ያን ቀን ምንም አልላኩም።

ሰኞ ወረቀቱን በየጠረጴዛው አደልኩ። ልጆቹ እጃቸውን ከጠረጴዛው ስር ሰበሰቡ። «ጨዋታ ነው እኮ» አልኩ። አንድ እንኳን የሚነካው ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ብቻ ነበር የሚሰማው። ደወሉ ሲደወል መልሱልኝ ብልም የሚያነሳ ስላልነበረ በየጠረጴዛው ዞሬ ራሴ ለቀምኩት። እንደዚያ ቀን ያለ ውርደት አላውቅም።

ቤት ገብቼ ልብሴን ሻንጣው ውስጥ ሳጣጥፍ አደ ጫልቱ በሩ ላይ ቆሙ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ትናንት ካርታ ስትጫወት ነበር። አራት ቦታ ተደርድሮ አይቻለሁ። ሰዎቹ የት ገቡ?»

«ሰው አልነበረም፣ አደ ጫልቱ።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የተጫወትከው?»

«ብቻዬን። አራቱም እኔ ነኝ።»

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሳይነኩ፣ አልጋው ላይ ወዳለው ወረቀት ጎንበስ አሉ። «ይሄ ምንድነው?»

«ኩላሊት።»

«ኩላሊት?» አሉ፤ ሳቃቸው መጣባቸውና በነጠላቸው አፈኑት። «ኩላሊትን ማን ካርታ አድርግ አለህ? ልጆቻችንን ካርታ የሚነካ ሰካራም ነው እያልን ነው ያሳደግናቸው። በቸርቻችን ካርታ የነካ ልጅ ከመዘምራን ይወጣል። አንተን ጠልተው እንዳይመስልህ።»

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ስሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሳቸውም ያላዩ መስለው ወጡና አንጮቴውን ይዘው ተመለሱ። የትናንቱ ነበር፣ እንደገና ተሙቋል። «ብቻህን አትብላ» ብለው በርጩማው ላይ፣ ሁለተኛው ሰውዬ ቦታ ላይ፣ ተቀመጡ። ልብሴን መልሼ ሰቀልኩት።

ወረቀት ካልተነካ ልጆቹ ራሳቸው ደም ይሁኑ አልኩ። ከአደ ጫልቱ ምድጃ አመድ ዝቄ ሜዳው ላይ ባለ አራት ክፍል ልብ አሰመርኩ። አጥሩ ጋ ያሉት ሁለት ማንጎዎች ሳንባ ሆኑ። ደም የሆነ ልጅ ከሳንባ ለምለም ቅጠል ይቀበላል፣ ያ ኦክስጅን ነው። በልብ በኩል አልፎ ወደ ተመደበለት የሰውነት ክፍል ይሮጣል፣ ለምለሙን ሰጥቶ ደረቅ ቅጠል ይዞ ይመለሳል። ግዙፍ ግዙፎቹን ልጆች የልብ በር አደረግናቸው፤ ወደ ፊት ያሳልፋሉ፣ ወደ ኋላ አያሳልፉም። የመዘምራን ልጆች ስለሆኑ መሰለፍ ያውቁበታል። እኔ ፊሽካ ይዤ ዳር ቆምኩ።

ለሊሴ የምትባል፣ ከዚያ በፊት ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ፣ ልትሮጥ ተዘጋጅታ ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር ምን ሆነው ነው የሚጫወቱት?»

«እኔማ አጫዋች ነኝ።»

«አይሆንም» አለች። ሜዳውን ቃኘች። «ልቡም ሳንባውም ጭንቅላቱም ተይዟል። የቀረው የግራ እግር ትንሿ ጣት ነው።»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ምን ይደረጋል፣ ፊሽካውን ሰጥቻት፣ አንድ እቅፍ ደረቅ ቅጠል ይዤ የሜዳው መጨረሻ፣ መንገዱ ዳር ሄጄ ቆምኩ። ከልቡ ሩቅ ነው። ጩኸታቸው ወደዚያ ይሰማል፣ ሁሉም በኦሮምኛ። ወደ ነቀምቴ የሚሄዱ መኪኖች በአጠገቤ እያለፉ ጭቃ ይረጩብኛል። አሁንም ዳር ላይ ነኝ አልኩ በሆዴ። ዛሬም ያው ነው።

ከዚያ የመጀመሪያው ልጅ እየሮጠ መጣ። ቅጠሉን ወርውሮልኝ ይሄዳል ስል ቀጥ ብሎ ቆመ፣ በሁለት እጁ አቀረበልኝና ጎንበስ አለ። «አካም ጅርቱ ቲቸር?» እንዴት ነዎት ማለት ነው። ይህቺን ያህልስ ተምሬያለሁ፤ «ደህና ነኝ» ብዬ ደረቅ ቅጠል ሰጠሁት። ቀጣዩም ቆመ። ቀጣይዋም። በዚያ አገር ልጅ ታላቁን ሰላም ሳይል አያልፍም፤ ደም ቢሆንም አያልፍም። ጤናዬን ጠየቁ፣ አዳሬን ጠየቁ፣ አንዱማ የደብረ ማርቆስ ቤተሰቦቼን ደህንነት ጠየቀ። ከኋላ ያሉት ተራ ይጠብቃሉ፣ ሰልፉ እስከ ልቡ ደረሰ። በባዮሎጂው አነጋገር ደሙ ረጋ፤ በሽተኛው ሞቷል።

እንደ መምህር «ሰላምታውን ተዉትና ሩጡ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እጄ በለምለም ቅጠል ተሞልቶ፣ የክፍሉ ልጆች አንድ በአንድ እንዴት ነዎት እስኪሉኝ ድረስ እዚያው ቆምኩ። ወደ አገሬም አልተመለስኩም፤ ዕድሜዬን እዚሁ ወለጋ ፈጀሁት።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሳለ የሀዊ መልእክት ገባ። «ጋሼ፣ ሞከሩት? ከማን ጋር ተጫወቱ?»

«ከጎረቤት ጋር» ብዬ ጻፍኩ። አየሁት። አደ ጫልቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ቢኖሩ ግን በመስኮት ያዩኝ ነበር። አጠፋሁትና «ብቻዬን፣ ልጄ። ሁለቱም እኔ ነኝ» ብዬ ላኩ። ኔትወርኩ ወዲያው ጠፋ። ደርሷት እንደሆነ አላውቅም።

ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በረንዳዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ይመጣ እንደሆነ ብዬ የግቢውን በር መቀርቀሪያ አንስቼዋለሁ። ትንሿ ጣት ጋ ደም ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ አይቀርም ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።