ኔጋቲቩ የቤቱ ነው

ሰርካዲስ ፎቶ አንሺ የሆነችው ወዳ አይደለም፤ ባሏ ገብረ መድኅን ሞቶባት ነው። ሰውዬው ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት፣ አንድ ባለሦስት እግር ካሜራና አንድ ዓረፍተ ነገር ትቶላት ሄደ። ዓረፍተ ነገሩ ፎቶ በሚሰጥባት ፖስታ ጀርባ ላይ ታትሟል፦ «ኔጋቲቩ የፎቶ ቤቱ ንብረት ነው። ደንበኛው ፎቶውን ሲረከብ በዚህ ተስማምቷል።» ገብረ መድኅን ይህን ያሳተመው፣ ደንበኛ ኔጋቲቩን ይዞ ሌላ ቤት ሄዶ እንዳያሳጥብ ብሎ ነው። ተንኮል የለበትም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። አንብቦ የተስማማ ሰው ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አንድም አልነበረም። ድሬ ላይ ማን ፖስታ ገልብጦ ያነባል! ሰው ፎቶውን መዞ ያወጣና «አቦ፣ ይሄ አፍንጫ የኔ ነው?» ብሎ ይጣላል፣ መልሶ ይስቃል፣ ፖስታዋን እዚያው ጥሎ ይወጣል።

ሰርካዲስ ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር እንደ ዳዊት ይዛታለች። ሙሽራ ቢለምናት፣ ሽማግሌ ቢላክባት «የቤቱ ነው» ካለች አለች ነው። ኔጋቲቮቹን በብስኩት ቆርቆሮ ታስቀምጣለች፤ በባለፎቶው ስም ግን አይደለም። ምን ታድርግ? የከተማው ግማሽ ሙመድ፣ የቀረው አብዱላሂ ነው። ስለዚህ በእናት ትለያለች፤ እናቶቹንም ራሷ ባወጣችላቸው ስም። «ባለ ወርቅ ጥርሷ» ትላለች አንዷን፣ «የጣቢያዋ ሳቂታ» ትላለች ሌላዋን። ከእሷ በቀር ለማንም የሚገባ ነገር አልነበረም።

በስልሳ ዘጠኝ፣ መጋቢት ላይ፣ ሃሊሞ እየሮጠች መጣች። ሃሊሞ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ሎሚ የምትሸጥ ጎረቤት ናት፤ ልጇ አብዱላሂ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት የቀበሌ ጠባቂዎች ቤቷን ገልብጠው ፈትሸው ልጁን አጥተውታል።

«ሰርኬ፣ የልጄን ፊት ስጪኝ» አለች ገና ከበሩ።

«የምን ፊት?»

«ያነሳሽውን ነዋ! ቤት ያለውን አቃጥያለሁ። ትምህርት ቤት ያለውን ጓደኞቹ ገንጥለው ጥለውታል። የቀረው ያንቺ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ነው። ወላሂ፣ ስሙን እንጂ መልኩን አያውቁትም። ፎቶውን ካገኙ ግን ለየኬላው ያድሉታል፣ ልጄ ከዚህ ከተማ አይወጣም።»

ሰርካዲስ ዞራ ቆርቆሮዎቹን አየች። አፏ ግን የለመደውን ተናገረ። «ሃሊሞዬ፣ ለእናትም ቢሆን አልሰጥም። ደንብ ነው። ደግሞ እኔ ጋ እያለ ማን ያገኘዋል? የትም አይሄድም።» ይባስ ብላም ፖስታዋን ገልብጣ አሳየቻት። ሃሊሞ ማንበብ አትችልም። ጽሑፉን አየችው፣ ሰርካዲስን አየቻት።

«ያንን ፊት የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ወረቀት አልወለደውም» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ አየነው መጣ። ክፉ ፊት የለውም፤ ሰላምታውን አሟልቶ፣ ስለ ሟች ባሏ ነፍስ ይማር ብሎ ነው የተቀመጠው። የአብዱላሂን ፎቶ እንደሚፈልግ ሲነግራት ሰርካዲስ ደረቷን ነፋች፤ ከደንቧ ጋር ነበረቻ።

«ጓድ፣ እኔ የሰው ፎቶ አሳልፌ አልሰጥም።»

አየነው ጠረጴዛው ላይ ካሉት ፖስታዎች አንዱን አነሳና ገልብጦ አነበበ። በዚያ ቤት ፖስታ ገልብጦ ያነበበ የመጀመሪያው ደንበኛ እሱ ሆነ፤ ጉድ እኮ ነው!

«የፎቶ ቤቱ ንብረት ነው ይላል» አለ ረጋ ብሎ። «የልጁ ቢሆን ልጁን እጠይቅ ነበር። ያንቺ ነው። ያንቺ ከሆነ ደግሞ የሰፊው ሕዝብ ነው። ወይስ ከሕዝብ የምትደብቂው ንብረት አለሽ?»

ስንቱን ለማኝ የመለሰችበት ቃል ዛሬ ሰርካዲስን ራሷን ይዞ አሰራት። አየነው ቆርቆሮዎቹን ከፍቶ ትንሽ አገላበጠ፤ «ባለ ወርቅ ጥርሷ» የሚለውን አንብቦ ግራ ተጋባ። ፀሐዩ ከሯል፣ የበርጫ ሰዓት ደርሷል፤ ድሬ ላይ ጫት ሲቀርብ አብዮቱም ቢሆን ትንሽ አረፍ ይላል። «ከበርጫ መልስ እመጣለሁ። ለይተሽ ጠብቂኝ» ብሏት ሄደ።

በሩን ዘጋችና «ሎሚዋ» ከሚለው ጥቅል የልጁን ኔጋቲቭ አወጣች። ወደ መስኮቱ ብርሃን ስታነሳው ጸጉሩ ነጥቶ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ያ ለጋ ልጅ ሽማግሌ መስሎ ታያት። «አፈር ይቅለልህና፣ ገብረ መድኅን፣ ምን ዓይነት ነገር ነው ያሳተምከው!» ብላ ሟች ባሏን ተቆጣች። ይልቅ የተቆጣችው ራሷን ነበር፤ ትናንት ለእናቱ ብትሰጣት ኖሮ ዛሬ ባዶ እጇን ተዝናንታ በጠበቀችው ነበር። ክብሪት ጫረች።

አየነው ሲመለስ «ሙቀቱ አበላሽቶት ጥዬዋለሁ» አለችው። የድሬ ሙቀት ፊልም ማበላሸቱ እውነት ነው። የተቃጠለ ፊልም ሽታ ግን ክፍሉን ሞልቶታል። ሰውዬው አሸተተ፣ በእጁ ብቻ ወደ ውጭ አመለከታት።

ፋሲካ የቀበሌው እስር ቤት ውስጥ አለፈባት። ሃሊሞ በየቀኑ ሩዝ ትልክላት ነበር፤ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ቅቤ እንዳይነካው ድስቱን ለይታ። ከተፈታች በኋላ ሰርካዲስ በቀሩት ፖስታዎች ላይ ያቺን ዓረፍተ ነገር በቀለም ደለዘቻት፤ ለሰው ሁሉ ፎቶውን ከነኔጋቲቩ መስጠት ጀመረች። ሰው ሳቀባት። «ይሄን ጥቁር ነገር ምን ላርገው?» ይሏታል።

ሰኔ ላይ በረሃው ዳር ባለችው በጀልዴሳ በኩል የሚመጡ ባለግመሎች ወሬ አመጡ። አብዱላሂ ኬላውን አልፏል፤ ጠባቂዎቹ ፊት ለፊት አይተውት አላወቁትም። ጅቡቲ ሳይደርስ ግን በረሃው ላይ እሱና አብረውት የሚጓዙት ውኃ አልቆባቸው፣ እዚያው ሞቶ ቀብረውታል።

ሰርካዲስ ለቅሶ ደርሳ አብራ አለቀሰች። ከሰነበተ በኋላ ሃሊሞ ታናሽ እህቱን ፋዱማን ይዛ ፎቶ ቤት ገባች።

«ምንም የለሽም፣ አይደል?» አለች።

«የለኝም፣ ሃሊሞዬ። አቃጥዬዋለሁ።»

«አውቃለሁ። እኔም አቃጥያለሁ።» ፋዱማን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻትና፣ «ዓይኑ ይመጣልኛል። አገጩ ግን እየጠፋብኝ ነው። ፋዱማን አንሺልኝ፤ አገጯ የሱ ነው።»

ፋዱማ የወንድሟን ሸሚዝ እስከ አንገቷ ቆልፋለች፤ ጸጉሯን ሰብስባ ኮፍያ ውስጥ ከታዋለች። ሰርካዲስ አገጯን በጣቷ ቀና አደረገችላት፤ ሃሊሞ ደግሞ «ትንሽ ወደ ግራ፤ እሱ እንደዚያ ነበር የሚይዘው» አለች። አነሳቻት።

ፎቶው ሲደርስ ሃሊሞ ቆማ ብዙ አየችው፤ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሰርካዲስ እንደ አዲሱ ልማዷ ኔጋቲቩን ጨምራ ዘረጋችላት። ሃሊሞ የሰርካዲስን እጅ ከነኔጋቲቩ መልሳ ወደ ሰርካዲስ ደረት ገፋችው።

«ይሄ አንቺ ጋ ይቀመጥ» አለቻት። «አሁን የሚፈልገው የለም።»