ከጎረቤት ልጅ የመራቅ ዋጋ

ይህ የእኔ፣ የሚስቴ፣ የልጃችንና በሱዳን፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ግድግዳ የምንጋራው የሪክሻ (ባጃጅ) ነጂ ጎረቤታችን ታሪክ ነው። ራሴን በራሴ ያስተማርኩ አባት ነኝና፣ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች፤ ልጄ የሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት አትገባም» አልኩ።

«አህያው ማነው፣ የጎረቤታችን ልጅ?» አለች ሚስቴ።

ከባለጸጋ ልጆች ጨዋነት ትማር ብዬ ዐማራት በሚባለው የባለጸጋ ሰፈር ውስጥ ካለ የግል ትምህርት ቤት አስገባኋት። በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ጎረቤቴን ከነልጁ አገኘሁት።

«አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«ልጄን ከናንተ ልጅ ላርቀው ነዋ፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ።»

ክፍሉን የሞሉት የሰፈራችን ልጆች ነበሩ። ባለጸጎቹ ልጆቻቸውን ከእኛ አሽሽተው አል-ማንሺያ ወደሚባለው ይበልጥ ውድ ሰፈር ወስደዋቸው ኖሯል። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት በነጻ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው የነበሩትን ሁለት ልጆች አንድ ወንበር ላይ ለማስቀመጥ፣ ሁለት አባቶች በዓመቱ ስምንት መቶ ሺህ የሱዳን ፓውንድ ከፈልን።