ቆሜ የለመንሁበት ቀን

ከአዘዞ ወደ ከተማ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርሁ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መኪናውን አስቁመው በስሜ ጠሩኝ፤ ወረድሁ። ምክንያቱ የጻፍሁት ዜና ነበር። ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጥጉ ላይ የሽንት ባልዲ። ሽታው አፍ ውስጥ ይገባል።

ሃያዎቹን ያልጨረሰ የኮሶዬ ገበሬ ከባልዲው የራቀ ቦታውን ለቀቀልኝ። «አያ፣ እዚህ ይሁኑ» አለኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። አያ የሚባለው አባቴ እንጂ እኔ አልነበርሁም። አመስግኜው ከባልዲው አጠገብ ተቀመጥሁ።

ውጭ ሳለሁ ጸጉሬን ቀለም እቀባ ነበር። ሳምንታት ሲያልፉ ሽበቱ ከሥር ብቅ አለ። መስታወት ስለሌለ የነገረኝ እኩያዬ የሆነ እስረኛ፣ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ነው።

«ሥሩ ነጭ፣ ጫፉ ጥቁር። የትኛውን እንመን?»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ለመሳቅ ሞከርሁ።

ከዚያ የኮሶዬው ልጅ ታመመ። ትኩሳቱ አልበርድ አለ፤ የጠጣውን ውሃ ይመልሰዋል። ጠባቂውን ጠርቼ የታሰረ ሰው የመታከም መብት እንዳለው ሕግ ጠቅሼ በረጋ ድምፅ አስረዳሁት። የበሩን መስኮት ዘጋብኝ። በማግስቱ ደገምሁለት፤ አሁንም ዘጋ።

ነጋዴው ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ አንተ ዜና ነው ያነበብህለት» አለኝ። «ልጁ እያለቀ ነው። ሽበትህን ይዘህ ለምነው።»

ተነሣሁ። በእኛ አገር ለልመና የሄደ ሽማግሌ ወንበር ቢቀርብለትም ልመናው ሳይሰማ አይቀመጥም። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ጠባቂው መስኮቱን ሲከፍት ራሴን ዝቅ አደረግሁለት።

«ልጄ፣ ይህን ሽበት አታሳፍረው። ልጁን ሐኪም ይየው።»

የማላውቀውን ሰው ልጄ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ትእዛዝ የለኝም። ይቀመጡ፣ አባቴ።»

«እሺ እስክትለኝ አልቀመጥም።»

ሄደ። ነጋዴው መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ ከዚያ ሌሎቹም እየተነሡ ቆሙ። ምሳ መጥቶ በሩ ሥር ተቀመጠ፤ የነካው የለም። ዳቦው ሲደርቅ በሩ ተከፈተ።

«እሺ» አለ ጠባቂው፣ ፊቴን ሳያይ።

ልጁን ደግፈው አወጡት። በአጠገቤ ሲያልፍ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ አቅም አጣ። ከወጣ በኋላ ተቀመጥሁ።

አልተመለሰም። ሆስፒታል ገብቷል አሉን፤ የቀረውን ማረጋገጥ አልቻልሁም። ከተፈታሁ በኋላ ኮሶዬ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ የአንዱ ወሬ ከሌላው አልገጠመም። ስለዚህ ድኗል ብዬ አልጽፍም፤ ሞቷል ብዬም አልጽፍም።

ዛሬ የሰፈር ሰዎች ሲጣሉ ለሽምግልና ይጠሩኛል። ቀድሞ ሥራ አለብኝ እል ነበር። አሁን እሄዳለሁ። ወንበር ያቀርቡልኛል፤ አመሰግንና ቆሜ እጠብቃለሁ።