ሞዴል ተገዛልን

ባለፈው ቅዳሜ ወልቂጤ መናኸሪያ ፊት ለፊት ካለ ሱቅ በረንዳ ሥር ዝናብ ተጠልዬ ቆሜያለሁ። አንድ ጎረምሳ እየሮጠ መጣና ከዝናቡ ድምፅ በላይ ጮኾ «ሞዴስ አለ? ለእህቴ ነው!» አለ። ባለሱቁም ከውስጥ «ትልቁን ነው ትንሹን?» ብሎ ጮኸለት። አጠገቤ የቆሙት አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ግን ሳቅ ያዘኝ። ዝናቡ አባርቶ ሰዉ ሲበተን እንኳ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር። ይህቺን ቃል ከአፋችን ለማውጣት እኛ ያየነውን አበሳ ያየ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም።

ያኔ ቡታጅራ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የልብ ጓደኛዬ ዘይነባ ትባላለች። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያደገችው በአባቷና በወንድሞቿ መካከል ነው። አባቷ ሐጂ ከድር የመስቃንን በርበሬ እየሰበሰቡ ይነግዳሉ፤ ቶሎ የሚቆጡ፣ ቶሎም የሚበርዱ ሰው ነበሩ። በበጋ ግቢያቸው ሙሉ በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እኔና ዘይነባ የምናጠናው እያስነጠስን ነው። በሒሳብ ትበልጠኝ ነበር፤ ይህን ያኔ ብትጠይቁኝ አላምንላችሁም።

ትምህርት ቤታችን ውኃ የለውም፤ የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ደግሞ በር አልነበረውም። እኔ «ያ ነገር» ሲመጣ ጨርቅ አጣጥፌ እንደምንም እውላለሁ። ዘይነባ ግን አንድ ቀን ቀሚሷ ላይ ታይቶ ወንዶቹ ከሳቁባት ወዲህ በዚያ ሰሞን ክፍል ዝር አትልም። ጠዋት ደብተሯን ይዛ ከቤት ትወጣና እኛ ጓሮ እንሰቱ ውስጥ ተቀምጣ ትውላለች።

ትምህርት ቤቱ ለአባቷ «ልጅዎ በየወሩ ትጠፋለች» ብሎ ነገረ። ሐጂ ጠየቋት፤ ዝም አለች። ደግመው ጠየቋት፤ አለቀሰች። በየወሩ ጠፍታ ስትጠየቅ የምታለቅስ ልጅ ምን ይዛለች ይባላል? ወንድ ነዋ! እሳቸውማ ልጁንም አግኝተውታል፤ በደጃቸው ባለፈ ቁጥር የሚያፏጭ አንድ ባለጋሪ። ምስኪኑ የሚያፏጨው ለፈረሱ ነበር። ሐጂ ግን አንዴ ደግማ ከቀረች ከትምህርት አውጥተው ጉንችሬ ከተማ አክስቷ ሱቅ ሊያስገቧት ማሉ። ሐጂ ከማሉ ደግሞ አለቀ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዓመት ለመስቀል ከመርካቶ የመጣ አንድ ነጋዴ ትምህርት ቤታችንን ጎበኘ። መርካቶ የሚነግዱ የአገራችን ሰዎች መስቀል ላይ ክትፎውን ከቀመሱ በኋላ እጃቸው ይፈታል። «ሴቶቹ የሚያስፈልጋቸውን ይናገሩ፣ እኔ እገዛለሁ» ብሎ ቃል ገባ። ዳይሬክተራችን ጋሽ ታደሰ እኔንና ዘይነባን ቢሮ አስጠሩን። ከጎንደር የመጡ፣ ባዮሎጂም የሚያስተምሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ ጆሯቸው ብቻ ትንሽ ይከብዳል።

«በሉ፣ ምን ይገዛላችሁ?» አሉን።

መንገድ ላይ ስንማከር የመጣነውን የምትናገረው ዘይነባ ነበረች። ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ አንድ ቃል ሹክ አለች።

«ምን? ሞዴል?»

ዘይነባ ከዚያ ቢሮ ለመውጣት ብላ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ወለሉን እያየሁ ነቀነቅሁ። ጋሽ ታደሰ እንባ ተናነቃቸው። ለካ የሰው አካል ሞዴል ይገዛልኝ እያሉ ዓመታት ሲለምኑ ኖረዋል። «እኔ ስለምን የሰማኝ የለም፤ ሴቶቼ ጠየቁልኝ!» ብለው ጨበጡን።

በኅዳር ሞዴሉ መጣ። የወላጅ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ እኛም ተሰልፈን ካርቶኑ ተከፈተ። ቆዳው የተገፈፈ፣ ጉበቱና አንጀቱ የሚወጣና የሚገባ የፕላስቲክ ሰውዬ ነው። ከወገቡ በታች የለም። አንድ የኮሚቴ አባት ዞር ዞር ብለው አዩትና «ከወገቡ በታች አለመኖሩ ጥሩ ነው፤ ሴቶች ልጆች አሉ» ብለው አመሰገኑ።

ሐጂ ከድር ብድግ አሉ። «ይህን የጠየቀች የኔ ልጅ ናት አሉኝ። ወላሂ ይገርማል! ትምህርት ቤት የማትውል ልጅ የፕላስቲክ ጉበት ምን ያደርግላታል? በዚህ ሳምንትም ቀርታለች። ከነገ ጀምሮ ጉንችሬ ናት።»

ዘይነባ ሻሿ ውስጥ ገብታ ማልቀስ ጀመረች። ያኔ እኔ ላይ ምን እንደወረደብኝ አላውቅም፤ ጓደኛዬ ልትሄድብኝ ነው፣ ሌላ አልታየኝም። «ሞዴል አይደለም ያልነው! ሞዴስ ነው! እሱ ስለሌላት ነው የምትቀረው!» ብዬ ጮኽኩ።

«ሞዴስ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ እኚያው የኮሚቴ አባት።

ሁሉም ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረ። የባዮሎጂ ሰው ናቸውና ሊያስረዱ ጀመሩ። «ይኸውም... በተፈጥሮ... ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ...» እያሉ የሚያሳዩበት ፍለጋ እጃቸው ሞዴሉ ላይ ወረደ። ጉበቱን አለፉ፤ አንጀቱን አለፉ፤ ጠረጴዛው ላይ ደረሱ። ሞዴሉ የሚፈለግበት ቦታ ላይ አልቋል። ጋሽ ታደሰ አላባቸው።

የገባቸው ግን ሐጂ ነበሩ። ቀስ ብለው «በየወሩ?» አሉ።

«በየወሩ» አልኩ።

«ባለጋሪውስ?»

«የቱ ባለጋሪ?»

ሐጂ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። በዓለም ላይ የሞዴስን ስም ሰምቶ እንደዚያ ፈጣሪውን ያመሰገነ አባት ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ሄደው እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። እኔም አለቀስኩ።

በሳምንቱ ሐጂ ከአዲስ አበባ አንድ ካርቶን ሞዴስ ይዘው መጡ። ሰው እንዳያይባቸው ያጓዙት በባዶ የበርበሬ ጆንያ ውስጥ ከተው ነው። እሽጉን ስንፈታ ሁላችንም አስነጠስን፤ ሞዴሱ የታሸገበት ላስቲክ ባይኖር ኖሮ የምንሆነውን አላህ ያውቃል። ትምህርት ቤቱም ለመጸዳጃ ቤቱ በር ገጠመለት። ዘይነባ ጉንችሬን ያየችው ክረምት ላይ፣ አክስቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነው።

ዛሬ አረቅጥ ከተማ ሒሳብ ታስተምራለች። ቅዳሜ ማታ ደውዬ የሱቁን ጎረምሳ ነገር ነገርኳት፤ ሁለታችንም ስቀን ስቀን ደከመን። ከዚያ ድሮም ያልገባኝን ጠየቅኋት። «አንቺ፣ ከትምህርት ሊያወጡሽ እየማሉ እንኳ ለአባትሽ መናገር እንዴት አቃተሽ?»

«አንቺስ» አለችኝ፣ «ለአባትሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ?»

በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት የጮኽኩት እኔ፣ እቤቴ ስገባ አንድም ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አባቴ በየወሩ ሆዴን ይዤ ስተኛ ሲያየኝ «ይቺ ልጅ ቆጮ አይስማማትም» ይልና ከዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ገዝቶ ራስጌዬ ያስቀምጥልኝ ነበር። ዛሬ ቢኖርልኝ ቁጭ አድርጌ እነግረው ነበር። እሱ ግን እስኪሞት ድረስ፣ ቆጮ የማይስማማት ጉራጌ ወለድኩ እያለ ለዘመድ ሁሉ ሲያዝን ኖረ።