«ተጠቃሚ» ያልተባለችው ሸክላ ሠሪ

ሸክላ ሠሪዋን ጎረቤቴን አዛለችን አንድ ተራ ቀን ምን ያስወጣታል? እኔ ስደምረው እንዲህ ነው፦ ከወንዙ ዳር በጀርባዋ የምታመጣው ጭቃ፣ ጭቃውን ለማራስ ከዚያው ወንዝ የሚቀዳ ውሃ፣ ለማቃጠያ ደረቅ ሣርና የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ማታ ደግሞ የወገብ ሕመም። ኪሷን የሚነካት በገበያ ቀን ድስቶቿን በዴሳ ከተማ የሚያደርስላት ሞተር ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ወንዙ ይሸፍንላታል።

ወንዛችን ትልቅ አይደለም፤ ወደ ብላቴ ከሚወርዱት አንዱ ነው። እኛ «ሻፋ» እንለዋለን፣ በወላይትኛ ወንዝ ማለት ነው። ሌላ ወንዝ በአቅራቢያችን ስለሌለ ሌላ ስም አላስፈለገውም። መታጠፊያው ላይ ያለው ጥቁር ጭቃ ግን የትም አይገኝም። አዛለች ሌላ ቦታ ሞክራ ታውቃለች። «የዳገቱ አፈር ፈሪ ነው፣ እሳት ሲያይ ይሰነጠቃል» ትላለች።

ባለፈው ወር የመስኖ ባለሙያው ታምራት መጥቶ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ሰበሰበን። የሚናገረው ወላይትኛ ነው፤ የቢሮ ነገር ሲመጣ ግን እንደ ሁላችንም በአማርኛ ይለዋል። «የወንዝ ጠለፋ እንሠራለን» ከማለቱ አቶ ኤርሳዶ ብድግ አሉ። የውሃ ፓምፕ ያላቸው፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ጠለፋማ በሕግ ተከልክሏል! መጀመሪያ ሽማግሌ ላኩ እንጂ!»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ታምራትም እየሳቀ፣ «አባባ፣ ሽማግሌው እኔ ነኝ፤ ይኸው መጣሁ» አለ። ቀጥሎም፣ «እሺ፣ የወንዙ ተጠቃሚዎች እጃችሁን አውጡ» ብሎ ጠየቀ።

ባለፓምፖቹ አወጡ። አጠገቤ የተቀመጠችው አዛለች ግን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ከሳምንት በኋላ ለጠለፋው ውሃው በግድብ የሚታቆርበት ቦታ ላይ ችካል ተተከለ። መታጠፊያው ከነጭቃው ውሃ ውስጥ ሊገባ ነው።

«የሶሲ እናት!» አሉ አቶ ኤርሳዶ መንገድ ላይ አግኝተውን፤ ሶሲ የአዛለች ልጅ ናት። «ከእንግዲህ ዋና መማር ሊኖርብሽ ነው!»

እሷ አልሳቀችም። ቤት ስንደርስ አላስቻለኝም፤ «ያኔ ለምን እጅሽን አላወጣሽም?» አልኳት።

«ማክዳ፣ ምን ነካሽ? እኔ ተጠቃሚ ነኝ? ከሴፍቲኔት ከተመረቅሁ ስንት ጊዜዬ! ሰው ፊት እንደገና ተረጂ ልባል?»

ያኔ ገባኝ። እኛ ሰፈር «ተጠቃሚ» የሚባለው ከሴፍቲኔት እርዳታ የሚቀበል ሰው ነው። አዛለች በድስቶቿ ራሷን ችላ ከእርዳታው የወጣች ቀን «ተመርቃለች» ተብሎ ሲጨበጨብላት እኔም አጨብጭቤያለሁ። ታዲያ ያንን ስም እንዴት መልሳ ትቀበለው?

በማግስቱ ልጄን አዝዬ አብረን ታምራት ዘንድ ሄድን። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ተወው።

«እኔ እኮ እጅ ያላወጣ ሁሉ ወንዙን አይፈልገውም ብዬ ነው ያሰብኩት» አለ። «ግን እናቴ፣ ጭቃውን ከሌላ ቦታ ማምጣት አይቻልም?»

«ይቻላል» አለችው አዛለች። «የተሰነጠቀውን ድስት የምትገዛኝ አንተ ከሆንክ።»

መስኖውን እኮ አልጠላችም። «ጎመኑ ይልማ፤ ድስቴን የሚሞላው እሱ አይደል?» ነው የምትለው። የምትፈልገው ግድቡ ከመታጠፊያው ከፍ ብሎ እንዲሠራ ነው። ታምራት ብቻውን ይህን መወሰን አይችልም፤ ከበላዩ ሰዎች አሉ። ሆኖም ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት ሁለተኛ ስብሰባ፣ ያውም እዚያው ወንዙ ዳር፣ ለመጥራት ተስማማ። ጥያቄውም ተለወጠ፦ ወደ ሻፋ የሚወርድ ማነው? ለምን ይወርዳል?

እስከዚያ እኛው በየቤቱ ጠየቅን። ስንቱ ተገኘ መሰላችሁ! ከብት የሚያጠጣው፣ ልብስ የሚያጥበው፣ ቤተ ክርስቲያናችን አማኞችን የምታጠምቅበት ጥልቁ ውሃ፣ ኦርቶዶክሶቹ ጎረቤቶቻችን ታቦት ይዘው የሚወርዱበት ሜዳ። አቶ ኤርሳዶ ሳይቀሩ፣ ከፓምፑ ሌላ እግራቸው ሲያማቸው ሊዘፈዝፉት እንደሚወርዱ ተናዘዙ።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራት አዛለች በጭቃ እጇ ክንዴን ያዘችኝ። «እንግዲያው ይህንንም ጻፊልኝ» አለች፦ «ከእኛ በታች እስከ ብላቴ ያላችሁ፣ ውሃው ወደ እናንተም ነው የሚመጣው፤ እኛ ደግሞ ስለ እናንተ መናገር አንችልም። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ለስብሰባው ወንዙ ዳር ኑና ለምን ወደ ውሃው እንደምትወርዱ ራሳችሁ ንገሩን። መምጣት የማይችል ካለ ሰው ይላክ።»