ለእንግዳ የተቀመጠ ኪኒን

ዛሬ ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ለቅሶ ቤት አንድ ሽማግሌ «በደርግ ጊዜ የአውራጃውን ጤና የመራሁት እኔ ነኝ!» ብለው ሲፎክሩ ሰማሁ። ቀና ብዬ ሳያቸው አወቅኋቸው።

ያኔ መተማ ላይ ባለቤቴን ዘነቡን ወባ ጣላትና ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። መደርደሪያው ኪኒን ሞልቶታል። መድኃኒት የሚሰጠው ድሬሰር ግን አንገቱን ደፍቶ፣ «ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች ሳያዩት እንዳይነካ ተብሏል» አለኝ።

ኃላፊው፣ እኚሁ የዛሬው ሽማግሌ፣ ለእንግዶቹ ብለው ግቢው ውስጥ ድንጋይ ኖራ ያስቀባሉ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ባዶ መደርደሪያ ላሳያቸው ነው የምትለኝ ጓድ?» አሉኝ።

ድንጋዩስ ኖራው ደርሶት ነበር፤ ኪኒኑ የቸገረው ለሰው ነው።

ከጎረቤቶቼ ጋር በቃሬዛ ድንበር አሻግረን፣ ማሽላ በጫነ ሎሪ ገዳሪፍ አደረስናት። ሱዳናዊው ሐኪም ከየት መጣችሁ እንኳ ሳይል መርፌ ወጋት። ዳነች፤ እኛም እዚሁ ቀረን።

ዛሬ ዘነቡ ፉከራውን ስትሰማ ቆይታ፣ «ጋሼ፣ መተማ ያስቀመጡትን ኪኒን እንግዶቹ አዩልዎት?» አለቻቸው።

«መንገዱ ተበላሽቶ ቀሩ። አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ያልዋጥሁት እኔ ነኛ!»

ሽማግሌው ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

በየቆላው እንዲህ ያለ የጤና ሹም የገጠማችሁ እስቲ ከታች ጻፉ፤ ታሪኩን እነሱ ብቻ አያውሩት።